የጠፋው 2003 ሜጋኸርዝ

የእኔ ላፕቶፕ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። ለማጋነን ብዬ አይደለም። ጠዋት ቁልፉን ተጭኜ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ጀበናውን ጥጄ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ ቆርሼ ስመለስ ያቺ ክብ ነገር ገና ስትሽከረከር ትጠብቀኛለች። ይህን ችዬው ኖሬአለሁ። እኔም ብሆን ዕድሜዬ ገፍቶ ጠዋት ለመነሳት ጊዜ የሚወስድብኝ ሰው ሆኛለሁና በዚህ ልወቅሰው አልደፈርኩም።

ያልቻልኩት ከተነሳ በኋላ የሚያመጣውን ጣጣ ነው። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው፤ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ውል፣ ውክልና። ለአንዲት ገጽ ሥራ ስካን የተደረገው ሰነድ፣ የምጽፍበት ገጽ፣ መዝገበ ቃላቱና ኢንተርኔቱ በአንድ ጊዜ መከፈት አለባቸው። ሦስቱን ይችላል። አራተኛውን ስጨምርበት ዝም ይላል፤ ውስጡ ያለው ዲስክ ብቻ እንደ ሌሊት አይጥ ይቆረጥማል። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት የኤምባሲ ቀጠሮ ያላት ልጅ የልደት ማስረጃዋን ይዛ መጣች። እሷ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ እኔን እያየች፣ እኔ ያቺን ክብ ነገር እያየሁ ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ በእጄ ጽፌ፣ ሰፈር ውስጥ ካለ ጽሕፈት ቤት አስተይቤ ሰጠኋት። ስትወጣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችኝ፤ ሌላ ሰው ወደ እኔ እንደማትልክ ግን ከፊቷ አነበብኩ።

ማታ ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የምታጠና ናት፤ በቤተሰባችን ውስጥ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ ለእሷ ነው የሚነገረው።

«ጋሼ፣ ራሙ ስንት ነው?»

«አራት ነው የሚለው።»

«አራት ጊጋባይት! እንዲያውም ብዙ ታግሶዎታል። ስምንት ይጨምሩበት። ግን ከመግዛትዎ በፊት ከሥሩ ይክፈቱትና አሮጌው ላይ የተጻፈውን ገልብጠው ይሂዱ።»

ራም የሚባለው ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው ዘርግቶ የሚይዝበት ማስታወሻ ነው። ፈረንጆቹ ማስታወሻ ይበሉት እንጂ እኔ ሲያስታውስ አላየሁትም፤ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር የያዘውን ሁሉ ይረሳል። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ስለቆየ ይህን የተማርኩት መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያላስቀመጥኩትን ጽሑፍ እየከፈልኩ ነው።

እንደተባልኩት ብሎኖቹን ፈታሁ። ከመታወቂያ ካርድ ትንሽ የምታንስ አረንጓዴ ሰሌዳ ተኝታለች፤ ከጎኗ ደግሞ እንደ እሷ ላለች ሌላ የሚሆን ባዶ መቀመጫ አለ። ነጩ ወረቀት ላይ ያለውን እንደ ሐኪም ማዘዣ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ፤ 4 ጊጋባይት፣ ዲዲአር 4፣ 2400።

መገናኛ አካባቢ ካሉት የኮምፒዩተር ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። ከጠረጴዛው ወዲያ ሃያዎቹን ብዙም ያላለፈ ልጅ ቆሟል፤ ጥግ ላይ ባለቤቱ ተቀምጦ ሂሳብ ይሠራል። ልጁ ወረቀቴን አነበበና ሁለት ሰሌዳ አመጣልኝ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ስምንት ስምንት ናቸው። ይቺ 2400 ናት፤ ከሌላ ላፕቶፕ የተነቀለች ናት፣ ግን ሞክረናታል። ይቺ ደግሞ 3200 ናት፣ አዲስ። ለእርስዎ ማሽን ይቺኛዋ ትበቃዎታለች። አዲሷም ትሠራለች፤ ብቻ በ2400 ነው የምትሄደው።»

ባለቤቱ ከሂሳቡ ቀና ብሎ ልጁን አየው። «የፈለጉትን ስጣቸው» አለ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ እስቲ በእኔ ቦታ ሆነህ ፍረድ። በዚህ ከተማ ነጋዴ ውዱን ትቶ ርካሹን «ይብቃዎት» ሲልህ ምን ታስባለህ? እኔ ያሰብኩት ያቺ የተነቀለች ሰሌዳ ሳትሸጥ ቆይታ ልጁ ሊገላገላት እንደፈለገ ነው። ልጁ ከተናገረው ውስጥ ጆሮዬ የያዘው «አዲስ» እና «ትሠራለች» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር። ደግሞም 3200 ከ2400 ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ኢንጂነሪንግ መማር አያስፈልግም። የዋጋቸው ልዩነት የሁለት ወር የመብራትና የውሃ ሂሳቤን የሚከፍል ነበር። ከፍዬ ወጣሁ።

መግጠሙ እንደፈራሁት አልሆነም። ሰሌዳዋን ትንሽ አዘንብሎ ማስገባት፣ ከዚያ ሁለቱ ጎን ያሉት ቆንጣጮች ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች መጫን ነው። ማሽኑ ተነሳ፤ 12 ጊጋባይት አለ። አራተኛውን ገጽ ከፈትኩ፤ ተከፈተ። አምስተኛውን ከፈትኩ፤ ተከፈተ። አይጡም ዝም አለ። በዚያ ሌሊት የሦስት ቀን ሥራ ሠርቼ አደርኩ ብል አልዋሽም።

እዚያ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት! በማግስቱ የማሽን ውስጡን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ሲፒዩ-ዚ የሚባል ፕሮግራም መኖሩን የሆነ ቦታ አነበብኩና አውርጄ ከፈትኩት። የማስታወሻው ፍጥነት የሚጻፍበት ቦታ ላይ የተቀመጠው ቁጥር 1197 ሜጋኸርዝ ይላል።

ዘግቼ ከፈትኩት። 1197። ወረቀት አውጥቼ ቀነስኩት፤ ከ3200 ላይ 1197 ሲነሳ 2003 ይቀራል። ገንዘብ ከፍዬባቸው ቤቴ ያልደረሱ ሁለት ሺህ ሦስት ሜጋኸርዞች ማለት ነው። ሰው ሁለት ኪሎ ሥጋ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ሦስት ሩብ ኪሎ ቢያገኝ ምን ይሰማዋል? ደሜ ፈላ። ማሽኑ ከትናንት ወዲያ ከነበረበት አሥር እጥፍ እንደተሻለኝ በዚያች ሰዓት ጨርሶ ረሳሁት።

የስክሪኑን ፎቶ በስልኬ አንስቼ ሱቁ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ለመጠበቅ እንኳ ትዕግሥት አልነበረኝም። ሦስት ገዢዎች ቆመው ነበር። በእነሱ ፊት ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ይህ ምንድን ነው? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ገንዘብ የተቀበልከኝ? ይህ ሌብነት ነው!» አልኩት። ከገዢዎቹ አንዱ የያዘውን ዕቃ መልሶ አስቀመጠ።

ባለቤቱ ነገሩን ልጠይቅ፣ ላጣራ አላለም። «ነገ ዕቃውን ይዘው ይምጡ፤ ገንዘብዎ ይመለስልዎታል። ከእሱ ደመወዝ ላይ ነው የማነሳው» አለ። ልጁ አልተከራከረም። ፎቶውን ትንሽ አየና ስልኬን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ማታ ሲነቅሏት የድሮዋን ብቻዋን ያድርጉና ቁጥሩን ይዩት።»

ያን ማታ አዲሷን ነቀልኩና ወረቀት ውስጥ ጠቀለልኳት። የልጁን ነገር ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን መሣሪያው በእጄ ነው፣ ማሽኑ ክፍት ነው። አሮጌዋን ብቻዋን አድርጌ አስነሳሁት። ቡናው ፈላ። ፕሮግራሙን ከፈትኩ።

1197።

ይቺ አሮጌ ሰሌዳ ከፋብሪካዋ ጀምሮ ከዚያ ማሽን ወጥታ አታውቅም። ላይዋ ላይ 2400 ተጽፎባታል። እሷንም ሌባ ሰርቋት ይሆን? ያን ጊዜ ነው ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ቁልቁል የወረደው።

ለእህቴ ልጅ ስደውል እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ስለ ልጁ ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች። ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝን እነሆ እኔ በገባኝ መጠን እጽፈዋለሁ፤ ምናልባት አንድ ሰው መንገድ ላይ ከመጮህ ያድን ይሆናል።

ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ በድሩ መሐል ማግ ያሳልፋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመለስም ያሳልፋል። ደርሶ መልሱን የቆጠረ ሰው 1200 ይላል፤ የገባውን ማግ የቆጠረ ሰው 2400 ይላል። ዲዲአር የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በአንድ ምት ውስጥ አንዴ ሲነሳ አንዴ ሲወድቅ፣ ሁለት ጊዜ መረጃ ያሳልፋል። ሜጋኸርዝ የምቱ መለኪያ ነውና ያ ፕሮግራም ምቱን ቆጥሮ 1197 አለ፤ በ1200 ዙሪያ መሆኑ ነው። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው 2400 በሰከንድ ውስጥ የሚተላለፈው በሚሊዮን ሲቆጠር ነው። ሻጮች፣ አንዳንዴም ፋብሪካዎቹ ራሳቸው፣ እሱንም ሜጋኸርዝ እያሉ ይጽፉታል፤ የእኔ ዓይነቱ ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሦስተኛም ቁጥር አለ። በእያንዳንዱ ዝውውር 8 ባይት ስለሚያልፍ 2400 በ8 ሲባዛ 19200 ይሆናል፤ አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ይኸኛው ነው። አንዲት ሰሌዳ 1200ም፣ 2400ም፣ 19200ም ልትባል ትችላለች፤ ማንም አልዋሸም። እኔ ዊንዶውስ ራሱ የሚያሳየውን ባይ ኖሮ 2400 የሚለውን አግኝቼ በሰላም እተኛ ነበር።

የቀረው 800 ደግሞ፣ ማለትም ከ3200 እስከ 2400 ያለው፣ የእኔው የማሽን ጉዳይ ነው። አንጎሉ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል ኮር አይ 5 8250 ዩ ነው፤ ማስታወሻውን የሚያዘው ክፍል ያለው እዚያው አንጎሉ ውስጥ ሲሆን ለዲዲአር 4 ኢንቴል የጻፈለት ጣሪያ 2400 ነው። በየሰሌዳው ላይ «እኔ በዚህና በዚህ ፍጥነት መሄድ እችላለሁ» የሚል መረጃ የያዘች ትንሽ ቺፕ አለች። ማሽኑ ሲነሳ እነዚህን ያነብና ሁሉም የሚችሉትን ይመርጣል። የቅፍለት ጉዞ እንደ ማለት ነው፤ ፈጣኗ በቅሎ የኋለኛዋን ጠብቃ ትሄዳለች። አሮጌዋ 2133 ብትሆን ኖሮ አዲሷም በ2133 ትሄድ ነበር። ልጁ «በ2400 ነው የምትሄደው» ሲል ይህን ሁሉ በሦስት ቃል ነግሮኛል።

«እሺ፣ ማሽኑ 3200 የሚችል ቢሆንስ ኖሮ?» አልኳት፤ ከዚህ ሁሉ ሽንፈት ውስጥ የምትተርፍ ነገር ስፈልግ።

ጥሩ ነበር አለችኝ፣ ግን እንዳሰቡት አይደለም። በአንድ መቀመጫ ሲሰላ በሰከንድ 19200 የነበረው ሜጋባይት 25600 ይሆናል፤ አንድ ሦስተኛ ጨመረ ማለት ነው። ማሽኑ አንድ ነገር ጠይቆ የመጀመሪያው መልስ እስኪመጣ የሚጠብቃት ጊዜ ግን እምብዛም አትለወጥም። ይህቺ ጥበቃ ሲኤል በሚባል ቁጥር፣ በምት ትቆጠራለች። በ2400 የተለመደው 17 ምት፣ በ3200 የተለመደው 22 ምት ነው። ምቱ ሲፈጥን የሚጠበቀው ምት ይበዛል። ሲሰላ የመጀመሪያው 14.2 ናኖ ሰከንድ፣ ሁለተኛው 13.75 ናኖ ሰከንድ ይመጣል። እኔ ለዚህች ልዩነት ነበር የሁለት ወር መብራቴን የከፈልኩት፤ እሷንም ያላገኘኋት።

ታዲያ ማሽኔን ያዳነው ምን ነበር? ይህን ስጠይቃት ነው ነገሩ የበራልኝ። አራት ጊጋባይቱ ሲሞላ ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና የተወሰነውን ወደ ዲስኩ ይልካል፤ ሲፈልገው መልሶ ያመጣል። ያ ሌሊት ሌሊት የሚቆረጥመው አይጥ እሱ ነበር። በእንደ እኔው ያለ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ አንዷን ነገር ፈልጎ ለማግኘት አሥር ሺሕኛ ሰከንድ ሳይሆን አሥር የሺኛ ሰከንድ ክፋይ ያህል ይፈጃል፤ ከራም ለማምጣት ግን 100 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ይበቃል። መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ራሙ አንድ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ቢሆን፣ ዲስኩ ሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን ያስጠብቃል። ገበታው ጠቦ እንጀራውን ወፍጮ ቤት ድረስ እየተመላለሱ የሚያመጡበት ቤት ውስጥ የአስተናጋጇን እግር ፍጥነት ስለካ ነበር ማለት ነው። (ጠዋት የምትፈላው ቡናዬ ግን አሁንም ትፈላለች። ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው ከዲስኩ ስለሆነ ራም ብዙም አያፈጥነውም፤ ዲስኩ በኤስኤስዲ ካልተለወጠ በቀር።)

ሌላም ጥቅም አግኝቻለሁ፤ ያንን ደግሞ ማንም አልሸጠልኝም። ሁለቱ መቀመጫዎች ሁለት መንገድ ናቸው። አንዷ ሰሌዳ ብቻ ስትኖር አንዱ መንገድ ዝግ ነው። ሁለተኛዋ ስትገባ 19200 የነበረው 38400 ይሆናል፤ እጥፍ ማለት ነው፣ ያውም በዚያው በ2400። የእኔዎቹ አንዷ 4 አንዷ 8 ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ 8 ጊጋባይት በሁለቱም መንገድ ይሄዳሉ፤ የተረፉት 4 በአንዱ ብቻ። ይህን ሁሉ ያቺ የተነቀለችው ርካሽ ሰሌዳም ትሰጠኝ ነበር።

ለፍጥነት መክፈል ጨርሶ ሞኝነት ነው እንዳልል የእህቴ ልጅ አስጠንቅቃኛለች። ምስል የሚሠራው ክፍል የራሱ ማስታወሻ የሌለው፣ ከዚሁ ራም የሚበደር ላፕቶፕ ላይ ጌም ለሚጫወትና ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው፣ ማሽኑ የሚችለው ከሆነ፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከፍጥነቱ በፊት ግን ትውልዱ ይቅደም። ዲዲአር 3 የላፕቶፕ ሰሌዳ 204 ጥርስ፣ ዲዲአር 4 260፣ ዲዲአር 5 ደግሞ 262 አላቸው፤ ክፍተታቸውም የተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ ባንዱ መቀመጫ አይገባም፤ በኃይል ላስገባ ያለ ሁለቱንም ይሰብራል። ከአዳዲሶቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ብዙዎቹ ደግሞ ራማቸው እዚያው የተበየደ ነው፤ እነሱን የሚገዛ ሰው ስለ ወደፊቱ በገዛበት ቀን ይወስናል።

ስልኩን ስዘጋ ወረቀት ውስጥ የጠቀለልኳት ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። መልሼ ገጠምኳት። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ያን ልጅ ያስቆጨኝ ትክክል መሆኑ ብቻ አይደለም፤ አለቃው እያየው ርካሹን ውሰድ ያለኝ ሰው ነበር፣ እኔም ሌባ ያልኩት በዚያው አለቃው ፊት ነው።

ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደረስኩ። ከጠረጴዛው ወዲያ ሌላ ሰው ቆሟል። ባለቤቱ ሲያየኝ መሳቢያውን ከፍቶ ገንዘብ መቁጠር ጀመረ።

«ገንዘቡን ተወው። ልጁን አስጠራልኝ።»

ከመጋዘን ካርቶን ሲያወርድ ነበር፤ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ። ሌሊቱን ያዘጋጀኋቸው ቃላት ሁሉ ጠፉኝ። «ትናንት ሌባ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። የነገርከኝ ሁሉ ትክክል ነበር። በሰው ፊት ስለሰደብኩህ በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት። ለባለቤቱም ከደመወዙ ላይ አንዲት ሳንቲም እንዳትነሳ ነገርኩት።

«ኧረ ችግር የለም ጋሼ» አለ ልጁ። «በዚህ ነገር በወር ሁለት ሦስት ሰው ይመጣል።»

ከእነዚያ ሁለት ሦስት ሰዎች ስንቶቹ ገንዘባቸውን ወስደው እንደሄዱ፣ ከማን ደመወዝ ላይ እንደተነሳ አልጠየቅሁም። ባለቤቱ ግን ዓይኑን ወደ ሂሳቡ መለሰ፤ ልጁንም «በል፣ ወደ ጠረጴዛህ» አለው።

ልወጣ ስል ኮት የለበሰ አንድ ሰው ገባና ለላፕቶፑ ራም እንደሚፈልግ ተናገረ። ልጁ ማሽኑ ምን እንደሆነ ጠየቀው፤ ከዚያም ያችን የተነቀለችውንና ሌላ አዲስ አምጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠለት። «አዲሷም ትሠራለች፤ ብቻ በ2400 ነው የምትሄደው» አለው፤ በዚያው ድምፅ፣ ምንም ሳይጨምር ሳይቀንስ። ሰውዬው ሁለቱን እያገላበጠ አየ፤ እጁ ወደ አዲሷ ሄደ።

አላስቻለኝም። «ወንድሜ፣ ልጁ የሚልዎትን ይስሙት» አልኩ።

ሰውዬው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ወደ ልጁ ዞረ።

«እኚህ ደግሞ ደላላ ናቸው?»